ሳቂታ ዝም ያለችበት እሁድ

እሁድ ጠዋት ሬሳ ለማየት ተጠርቶ ደስ የሚለው ፖሊስ አላውቅም። እኔማ በደህናውም ቀን ፊቴ አይፈታም፤ ጣቢያ ውስጥ ከኋላዬ «ቁጡዋ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሳጅኑን አስከትዬ ወደዚያ ቤት ስገባ ገና ምንም ሳላይ ተናድጄ ነበር።

ሟቿ ጓሮ ባለችው ክፍሏ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ባለ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙም አያልፍም። ሰፈሩ «ሳቂታ» ነው የሚላት። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማ እንደነበርና ለዓመታት መድኃኒት ስትወስድ እንደኖረች የነገረችን ጎረቤቷ ናት። «ስትስቅ ግን መንገድ ድረስ ይሰማል፤ እኛም ምን እንዳሳቃት ሳናውቅ አብረናት እንስቃለን» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሬሳውን ያገኘችው የወንድሟ ሚስት ነበረች። «ለቁርስ ልጠራት ብገባ ቀዝቅዛለች» አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ሳሎን ውስጥ ቆማ ሹካና ቢላ ታስተካክላለች። ያን ቀን የልጇ እጮኛ ወላጆች ለትውውቅ ምሳ ሊመጡ ስለነበር ጠረጴዛው ከቅዳሜ ጀምሮ ተሰናድቷል። ጓሮ ሬሳ ተኝቶ ሳሎን ሹካ ሲደረደር ሳይ ደሜ ፈላ። ድንጋጤ ሰውን ብዙ ነገር ያሠራል ብዬ ዋጥ አደረግሁት።

ወደ ጓሮ ተመለስኩ። በስፌት መኪናው መርፌ ሥር አንድ ሰማያዊ ቀሚስ አለ። የቀኝ ጎኑ ስፌት በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የግራው ግን ወጣ ገባ እያለ ሄዶ መሃል ላይ ተቋርጧል። ወለሉ ላይ ጫፋቸው በጥርስ የተነከሰ ቁርጥራጭ ክሮች ተበትነዋል። ሴትዮዋ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት ደጋግማ ስትታገል ነበር ማለት ነው።

«ጠጥታ ይሆን?» አለ ሳጅኑ።

«እነዚህንም እያቸው» አልኩት። አጠገቡ ተጣጥፈው የተቀመጡት ሁለት ልብሶችም ስፌታቸው ተጣሟል። እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረው ቅዳሜ አልነበረም።

ከራስጌዋ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ፣ የብርቱካን ጭማቂ የነበረበት ረጅም ብርጭቆና የሾርባ ሳህን ነበሩ። ሦስቱም ተጠጥተው አልቀዋል። ሳጅኑ ጓንቱን እያጠለቀ፣ «ይቺ ሴትዮ እንደ ሆቴል ነበር የምትስተናገደው» አለ። «እኔ ታምሜ ተኝቼ ሚስቴን ውሃ አቀብዪኝ ብላት ‹እግርህ ተሰበረ እንዴ?› ነው የምትለኝ።»

«አፍህን ዘግተህ አሽጋቸው። ሦስቱንም ወደ ላቦራቶሪ» አልኩት።

ወንድምየው ርዕሰ መምህር ነው። በዚያ ሰዓት ከረባት አስሯል። እንደ ተማሪ ከፊቱ አቁሞኝ፣ «አትድከሚ። ገዳይዋ የአእምሮ ሐኪሟ ናት» አለኝ።

«እንዴት?»

«የድሮው ሐኪም ጠብታ አዞላት ቤቱ ሰላም ነበር። ይቺኛዋ መጣችና ጠብታውን አስቆመች። በምትኩ ጥፍር የማታክል ክኒን ሰጠቻት። ትጨምርላታለች ብለን ብንጠብቅ ወር ቆይታ ቅንጣት ትጨምራለች። ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ትለናለች። ይኸው እንቁላሉ ሳይሄድ እህቴ በሰው ትከሻ ልትሄድ ነው!» ከረባቱን አጠበቀ። «ባለፈው ረቡዕ እጇ ሲንቀጠቀጥ በዓይኗ አይታ ምንም ሳታዝላት ነው የመለሰቻት።»

«ከሐኪሟ ክኒን ሌላ ቤት ውስጥ የቀረ መድኃኒት አለ?»

«ምንም።»

«ምንም የለም» አለች ሚስቱ ከሳሎን።

ጥግ የተቀመጡት የሟቿ እናት መሐረባቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ አልመለሱልኝም። ልጃቸው የሞተችባቸው ናቸውና አልተጫንኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት የሐኪሟ ክሊኒክ ስደርስ በሽተኞቿ ኮሪደሩን ሞልተውታል። ሐኪሟ አጭር፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት። የምታየውን ሰው ጨርሳ ሳትሸኝ አላስገባችኝም። ይሄም አናደደኝ።

«በሽተኛሽ እየተንቀጠቀጠች መጥታ ዝም ብለሽ ሸኘሻት?» አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

«ዝም አላልኩም፤ መድኃኒት ነው ያልጨመርኩት» አለችኝ። «እኔ የምሰጣት ክኒን በዚያ መጠን እጅ አያንቀጠቅጥም፣ አንገት አያደርቅም። መንስኤውን ሳላውቅ ለመንቀጥቀጡ ሌላ ክኒን ብደርብ ምልክቱን እሸፍነዋለሁ እንጂ አላክማትም። ‹ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?› ብዬ ጠየቅኳት። የለም አለች። ደሟን አስቀዳሁ፤ ውጤቱ ገና አልደረሰኝም። ወንድሟን ‹ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ ሰብስበህ አምጣልኝ› አልኩት። ምንም የለም አለ።»

«እና ለምንድነው እንዲህ በቅንጣት የምትሰጪው? ቤተሰቡ በስንት ችግር ነው የኖረው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ አለች። «ኢንስፔክተር፣ ወደ እኔ ስትመጣ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ምራቋ የሚዝረከረክ ሴት ነበረች። ጠብታውን ሳይነግሯት በመጠጥ እያደረጉ ነበር የሚሰጧት። ምን እንድረዳሽ ትፈልጊያለሽ ስላት ‹ድምፁ እንዲቀንስልኝ፣ ልብስ መስፋት እንድችል፣ ሳቄን ደግሞ እንዳትወስጂብኝ› አለችኝ። እሷን ሳልጎዳ ድምፁን መቀነስ ነው ሥራዬ። የሳምንት የሳምንቱን ብቻ ነው የምሰጣት፤ በአንዴ ብትውጠው እንኳ እንዳይገድላት። ባዶውን ማሸጊያ ይዛ ካልመጣች አዲስ አልሰጥም። ይሄ ቅንጣት የምትዪው ነገር ስፌት መኪናዋ ላይ መልሶ አስቀምጧታል።»

ማስታወሻዬን ዘግቼ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን ምርመራ ሐኪሙ ደወለልኝ። «ልቧ ምቱ ተዛብቶ ነው የቆመው። ደሟ ውስጥ ያለው ክኒን ትክክለኛው መጠን ነው። ከእሱ ሌላ ግን በብዛት የገባ መድኃኒት አለ» አለኝ። የመድኃኒቱን ስም ሲነግረኝ የድሮው ሐኪም ያዘዘው ጠብታ ሆነ። ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው፣ ውሃ ነው የሚመስለው።

ለአዛዡ ሪፖርት አደረግሁ። ርዕሰ መምህሩ ቀድሞኝ እሱ ዘንድ ደርሶ ነበር። ሐኪሟ ረቡዕ ዕለት ከመሳቢያዋ አውጥታ አንድ ነገር ስታጠጣት በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል።

«በቃ፣ እሰሪያት» አለኝ አዛዡ።

«እሁድ ለእኔ ምንም አላዘዘችላትም ነው ያለኝ። ረቡዕ የጠጣችውስ ቅዳሜ ሌሊት ይገድላታል? ውሃ የማያነሳ ነገር ነው ጌታዬ።»

«የአእምሮ በሽተኛን መድኃኒት ከአእምሮ ሐኪም ሌላ ማን ያውቃል? ሰውዬው የተከበረ ሰው ነው። ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ እስከ ሐሙስ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ክሊኒኩም ይታሸጋል።»

እኔው ሄጄ አሰርኳት። ኮሪደሩ ላይ ከተቀመጡት በሽተኞች አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ «የእኔን ክኒን እንግዲህ ማን ይቀንስልኛል?» ብለው ጠየቁኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ማክሰኞ ከላቦራቶሪ የመጀመሪያው ውጤት መጣ። የሻይ ብርጭቆው ውስጥ ጠብታው ተገኝቷል። ሁለቱ ገና አልደረሱም። እኔ ግን አንዱ በቅቶኝ ወደ ቤቱ በረርኩ።

«ማታ ማታ ሻይ የሚያፈላላት ማን ነው?»

እናትየው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳያለፉኝ እጃቸውን ከትራሳቸው ሥር ሰደው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጡ።

«እኔ ነኝ ልጄ። እኔው ወልጄ እኔው ገደልኳት።»

«ሐኪሟ እንዳትሰጡ አላለችም?»

«ብላለች። እኔም እሺ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ግን የአሁኑ መድኃኒት ቀጭን ነው። ልጄ እንደገና መሳቅ ጀመረች።»

«እናቴ፣ መሳቅ በሽታ ነው?»

«እንግዳ ሊመጣ ነዋ! ሰው ምን ይላል?» መሐረባቸው በእንባ ረጥቧል። «ሰው እንዳይስቅባት ብዬ ነው ሳቋን ያስተውኳት። ትንሽ ናት ያደረግሁት፤ ድሮ ታዞላት ከነበረው እንኳ ያነሰች። በልጄ ሞት እምልልሻለሁ።»

ጮህኩባቸው፤ ምን እንዳልኩ አልደግመውም። ሳጅኑ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ከዚያ የአስከሬን ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «የምትዪኝ መጠን እንኳን ሊገድል በቅጡም አያስተኛም። ደሟ ውስጥ ያለው ከዚያ በብዙ እጥፍ ነው» አለኝ።

«አሮጊቷ ዋሽተውሻል» አለ ሳጅኑ።

ሊሆን ይችላል። ግን «ገደልኳት» ብላ ጠርሙሱን በእጇ የሰጠች እናት መጠኑን ለምን ትዋሻለች? ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አነሳሁት፤ ከአንገቱ ብዙም ዝቅ አላለም።

ሐኪሟ የታሰረችበት ክፍል ሄጄ ስለ ሻዩ፣ ስለ ጭማቂውና ስለ ሾርባው ዕቃ፣ እናትየውም ስላመኑት ነገርኳት። እፎይ ትላለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ግንባሯን ቋጠረች።

«የቀሩት ሁለት ዕቃዎችስ?»

«ውጤታቸው ገና ነው። እናትየዋ አምነዋል እኮ!»

«አየሽ፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ቀን የማልጀምረው ለዚህ ነው። በሽተኛው ሲሻለው የትኛው አሻለው? ሲብስበት የትኛው አባሰበት? አንዱን ለብቻው አይቼ ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሄድም። አንቺ ደግሞ አንዱን አይተሽ ሌሎቹን ሳታዪ ልትዘጊው ነው። ለመሆኑ ያ ቤተሰብ ለሳቂታ ሾርባ ይዞላት ይገባል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሁልጊዜ የምታወራኝ ስለዚህ ነበር። ቤት ውስጥ ብቻዋን እንደምትበላ። ‹ሳህኔን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ፣ ራሴ አጥቤ እመልሳለሁ› ትለኝ ነበር። ረቡዕ ዕለት ግን ደስ ብሏት ነበር። ‹ዶክተር፣ ሰሞኑን ሁሉም ወዶኛል፤ እየተሻሙ ነው የሚጋብዙኝ› አለችኝ።» ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች። «እኔም ደስ ብሎኝ አለፍኩት።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ለመልቀም ወጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት የቀሩት ውጤቶች ደረሱ። አንብቤ ለሳጅኑ ሰጠሁት። አንብቦ ቆቡን አወለቀ። የፍተሻ ፈቃድ አውጥተን ሄድን።

ቤቱ በለቀስተኛ ወንበር ተሞልቷል። የትውውቁ ጠረጴዛ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ሳህኖቹ በጨርቅ ተሸፍነዋል። ለቀስተኞቹን ወደ ውጭ አስወጣሁና ሦስቱን አስቀመጥኳቸው። ሳጅኑ ከጓዳ ተመልሶ መጥቶ በፍተሻ ያገኘውን በእጄ አስጨብጦ በጆሮዬ አንሾካሾከልኝ። የእናትየውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ከአጠገቡ ሁለተኛውን አስቀመጥኩ።

«ይሄ ከቤቱ እመቤት የመዋቢያ ቦርሳ ውስጥ የተገኘ ነው» አልኩ።

ሚስትየው ዓይኗ ከጠርሙሱ አልተነቀለም። «ጭማቂውን የምሰጣት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ግን ትንሽ ናት! እማማ መስጠት አቁመዋል ብዬ ነው። ልጄ ስንት ዓመት የለፋበት ትዳር ነው፤ የእጮኛው እናት ቁጭ ብላ እሷ ስትንከተከት… ለአንድ ምሳ ብቻ ጸጥ እንድትል ነበር። ሰኞ ላቆም ነበር።»

ርዕሰ መምህሩ ብድግ አለ። «አንቺ! በቤቴ ውስጥ ከኔ ተደብቀሽ እህቴን መርዝ ታጠጫታለሽ?»

«ቁጭ በል» አልኩት።

«ይቺን ሴት አሁኑኑ…»

«ቁጭ በል አልኩህ!» ሦስተኛውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ይሄ ከቦርሳህ ነው የወጣው፤ ጠብታው ከሾርባ ሳህኑም ውስጥ ተገኝቷል። በሕይወትህ ለእህትህ ሳህን ተሸክመህ የማታውቅ ሰው ቅዳሜ ማታ ሾርባ ይዘህላት ገባህ።»

ከረባቱን አላላ። ያንን ሁሉ ተማሪ ያንቀጠቀጠ ሰው ወንበሩን በእጁ ሲፈልግ አየሁት።

«እኔ ብቻ መስሎኝ» አለ። «እነሱ ለሐኪሟ ቃል ገብተዋል፤ ይጠብቃሉ ብዬ። እንደ ቤቱ ኃላፊ አንድ ሰው ማድረግ ነበረበት። ትንሽ ነው ያደረግሁት…»

«ሦስታችሁም ትንሽ ነው ያደረጋችሁት» አልኩ። «ቀደም ብላችሁ በጥቂት በጥቂቱ። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ በሽታዋ ተነሳ ብላችሁ ጨመራችሁ። ቅዳሜ ማታ፣ እንግዳው ነገ ነው ብላችሁ፣ ከእማማ በቀር እንደገና ጨመራችሁ። እሷ ደግሞ የተጋበዘችውን ሁሉ ጠጣች። ወደዱኝ ብላ ጠጣች!»

ሦስቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ደረደርኳቸው።

እናትየው ከልጃቸው ወደ ምራታቸው፣ ከምራታቸው ወደ ልጃቸው እያዩ፣ «እናንተም?» አሉ። «እናንተም ልጄን?» መልሰው መላልሰው ይህንኑ አሉ። እንዲያቆሙ ማድረግ የቻለ የለም።

«ያለፈው ረቡዕ ሐኪሟ የቤቱን መድኃኒት ሰብስብ ስትልህ» አልኩት ርዕሰ መምህሩን፣ «ጠርሙሱ በብብትህ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ያኔ ብታወጣው እህትህ ዛሬ በሕይወት ነበረች። አንተ ግን ዓይንህን በጨው አጥበህ መጥተህ ባልሠራችው ሥራ አሳሰርካት።»

ራሱን ደፋ። እኔ ለመጨረስ የሚያስፈልገኝ አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር።

«ጠብታውን ማን አዘዘላችሁ?»

«የድሮው ሐኪም» አለች ሚስቱ።

«አንተስ?»

«እሱው።»

እናትየውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለሦስታችሁም? ለአንዲት ሴት? አላያትም? አምጧት አላላችሁም?»

«ምን ብሎ ይላል?» አለች ሚስቱ። «ስሟን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ጻፈ።»

ሐኪሟን ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ አስፈታኋት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅርታዬን አልፈለገችውም። «እኔ የማስጠነቅቀው እሷን ነበር» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። ጉንጯ ከንዴት ቀልቷል። «ይሄን አትዋጪ፣ ያን አትቀላቅይ እያልኩ። አንድ ክኒን ሩብ ለመጨመር ወር ሙሉ አስቤ፣ ደሟን አይቼ፣ እንቅልፏን ጠይቄ! እነሱ ደግሞ ከጓዳ ገብተው ያፈሱባታል። የማን አካል መሰላቸው?» ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ክሊኒኳ ሄደች፤ የሚጠብቋት ሰዎች ነበሩ።

ሦስቱን ለዐቃቤ ሕግ አስረከብኩ። በእነሱ ላይ ምን ክስ እንደሚመሠረት የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት። ከሦስቱ ጠርሙሶች ጀርባ ግን አራተኛ ሰው ነበረ፤ እሱን ሌላ ሰው እንዲይዝልኝ አልፈለግሁም።

የድሮው ሐኪም ክሊኒክ ትልቅ መንገድ ዳር ነው። ሰው ገብቶ ለመውጣት የሚወስድበት ጊዜ ጥርስ ለማጠብም አይበቃም። የሲቪል ልብሴን ለብሼ ተራዬን ያዝኩ። ሳጅኑ በር ላይ ቀረ። ስገባ ሐኪሙ አንገቱን ወረቀቱ ላይ ደፍቶ ቀድሞኝ የወጣውን ሰው ማዘዣ ይጽፋል። እጁ ንጹሕ ነው፣ ጽሑፉም ፈጣን ነው።

«ቁጭ በይ። ምንድነው ችግሩ?» አለኝ ሳያየኝ።

«እህቴ ናት» አልኩት። «አትተኛም። ትስቃለች።»

«መድኃኒት አልወስድም ትላለች?»

«አዎ።»

«ጠብታ እሰጥሻለሁ። ጣዕም የለውም፤ በምትጠጣው ነገር አድርጊላት።» አዲስ ወረቀት ሳበ። «ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። «የታለች?» ይለኛል ብዬም ጠበቅሁ። አልጠየቀም።

«ስሟ?»

የሳቂታን ሙሉ ስም ነገርኩት፤ በመቃብሯ ላይ እንደሚጻፈው፣ ቀስ ብዬ፣ ከነአባቷና ከነአያቷ። ብዕሩ አንድም ጊዜ አልቆመም። ለሞተች ሴት፣ በአራተኛ ሰው እጅ፣ ጠብታውን አዘዘላት፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«ጠዋትና ማታ» አለ። «ቀጣይ!»

«ቀጣይ የለም፤ ተነስ» አልኩት። ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።